ደላላ አያንኳኳ

ጋሽ አለምነህ ቤታቸውን ለመሸጥ ሲቆርጡ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ቀለም መግዛት ነበር። ቀይ ቀለም። በብረት በራቸው ላይ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ለሚያልፍ ባለባጃጅ ሳይቀር እንዲነበብ አድርገው «የሚሸጥ ቤት» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥራቸውን፤ ከስልክ ቁጥሩ ሥር ደግሞ፣ ዋናው ይሄ ነበር፣ «ደላላ አያንኳኳ»። ጽፈው ሲጨርሱ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው አዩትና ደስ አላቸው። ብዙ ሰው የልቡን የሚናገርበት ቦታ ሳያገኝ ይኖራል፤ እሳቸው በራቸው ላይ አገኙ።

ደላላ አይወዱም። ነገሩ የቆየ ነው። ጎልማሳ ሳሉ እነዋሪ ገበያ አንድ በሬ ሲሸጡ ደላላው በእሳቸው ጆሮ አንድ ዋጋ፣ በገዢው ጆሮ ሌላ ዋጋ ሹክ ብሎ መካከሉን ወደ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወዲህ የደላላ ነገር በተነሣ ቁጥር «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ እኔ ሞኝ አይደለሁም» ይላሉ። ሠላሳ ዓመት በግንበኝነት የኖሩ ሰው ናቸው። ደብረ ብርሃን ውስጥ እጃቸው ያላረፈበት የድንጋይ ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ይህን ቤት ደግሞ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ራሳቸው ናቸው የሠሩት። «ራሴ የሠራሁትን ራሴ መሸጥ ያቅተኛል?» ይሉ ነበር። ሚስታቸው እትዬ በሰለች መልስ አይሰጡም፤ ለመከራከር የሚተርፍ ትንፋሽ አልነበራቸውም።

የሚሸጡትም በሚስታቸው ምክንያት ነው። እትዬ በሰለችን አስም ይዟቸዋል። ደብረ ብርሃን ብርዷ አይጣል ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገባ ሣሩ ላይ ውርጭ ያድራል፤ ያን ጊዜ የእትዬ በሰለች ደረት እንደ አሮጌ ወናፍ ማፏጨት ይጀምራል። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝተዋል። በሁለተኛው ጊዜ ሐኪሙ ጋሽ አለምነህን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ፣ «አባቴ፣ ቆላ ዘመድ የላችሁም? የከርሞውን ብርድ እዚህ ባያሳልፉ ደስ ይለኛል» አላቸው። ሐኪም «ደስ ይለኛል» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ገባቸው። ፈሩ። በዕድሜያቸው እንደዚያ ፈርተው አያውቁም።

ዘመድ ባይኖራቸው ወዳጅ ነበራቸው። ከአንኮበር ቁልቁል ተወርዶ አልዩ አምባ፣ ዓወል የሚባል ነጋዴ አለ፤ ዱሮ ሱቁን የገነቡለት እሳቸው ናቸው። ዓወል ትርፍ ቤቱን ሊሸጥ ነበር፤ ሁለት ክፍል፣ ግቢው ውስጥ ፓፓያና ማንጎ፣ ፀሐዩ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የማይጠፋ። መስከረም ላይ ወርደው አይተውት ተስማሙ። «ሌላም ፈላጊ አለው» አላቸው ዓወል፤ «ግን እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ለእናንተ አቆየዋለሁ፣ ኢንሻአላህ። ከዚያ ካለፈ እኔም ልጄን ዩምናን መዳር አለብኝና አትቀየሙኝ።» እንግዲህ የደብረ ብርሃኑ ቤት ከታኅሣሥ አጋማሽ በፊት መሸጥ አለበት። ካልተሸጠ የአልዩ አምባው ይቀራል፤ የአልዩ አምባው ከቀረ እትዬ በሰለች ብርዱን እዚሁ ሊቀበሉት ነው።

ገዢ አልጠፋም። ከተማዋ በፋብሪካ ላይ ፋብሪካ እየተተከለባት ቤት ፈላጊ በዝቷል። የባንክ ሠራተኛው መጣ፤ ከአረርቲ የጤፍ ነጋዴ መጣ፤ ጡረታ የወጣ ሻምበል መጣ። ጋሽ አለምነህ በር ከፍተው እያንዳንዱን ክፍል ያስጎበኛሉ፤ የትኛው ድንጋይ ከየት እንደመጣ፣ ማዕዘኑን ሲያቆሙ ምን ዓይነት ዝናብ እንደነበረ ያወራሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን እትዬ በሰለች ጓዳ ናቸው። ቤታቸው የገባ ሰው እህል ሳይቀምስ ወጥቶ አያውቅም፤ ታመው የተኙ ጊዜ እንኳ ከአልጋ ሆነው ያዝዛሉ። አንዱ የገብስ ገንፎ በቅቤ በልቶ ይሄዳል፤ ሌላው ምንቸት አብሽ። ሻምበሉማ አረቄውን ሦስት ጊዜ አስደግሞ ግንቡን አቅፎ ነው የወጣው።

ከሁሉም ለቤቱ የተስማሙ የመሰሉት አርሴማና ባሏ ገብረአብ ነበሩ። እሷ የአንደኛ ደረጃ መምህር ናት፤ እሱ መካኒክ። በስድስት ዓመት አምስት ኪራይ ቤት ቀያይረዋል። አርሴማ ሳሎን ገብታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ መስኮቱ ሥር ቆማ ፀሐዩ የሚያርፍበትን ወለል ለረጅም ጊዜ አየችው። ጋሽ አለምነህ በሆዳቸው «ይቺ ልጅ ገዛችው» አሉ። ማዕዱ ቀረበ። ገብረአብ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ዋጋውን በተመለከተ…» ብሎ አፉን ሲከፍት እትዬ በሰለች ጉርሻ አጎረሱት። ዋጠና እንደገና ሊጀምር ሲል፣ «አንድ ያጣላል» ብለው ደገሙት። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ ያነሣ ሰው አልነበረም። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አመስግነው፣ ተመካክረን እንደውላለን ብለው ሄዱ።

አልደወሉም። ሻምበሉም አልደወለም፤ የባንክ ሠራተኛውም። ኅዳር ሲገባ አሥራ አንድ ሰው መጥቶ፣ በልቶ፣ መርቆ ሄዷል። በሩ ላይ ያለው ቀለም ግን እንዳለ ነው። ጋሽ አለምነህ አሰቡ፣ አሰቡና ነገሩ ተገለጠላቸው፤ ደላሎቹ ናቸው! ያን ጽሑፍ አይተው አድመውባቸዋል፤ ገዢ እያስቀሩባቸው ነው።

ጋቢያቸውን ደርበው በቀጥታ ወደ መናኸሪያው ወረዱ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ ባለች ቆርቆሮ ጥላ ሥር የሰፈሩ ደላላ ኃይለ ገብርኤል ይቀመጣል፤ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ድምፁ የሻከረ ሰው ነው።

«ገዢዎቼን እያስቀረህብኝ ነው» አሉት፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

«እኔ? በርዎ ላይ አያንኳኳ ብለው ጽፈው፣ መቼ አንኳኳሁና ነው ጋሽ አለምነህ?» አለ ኃይለ ገብርኤል ተነሥቶ ወንበሩን እየለቀቀላቸው። «ይቀመጡ እስቲ። ከእርስዎ ቤት የወጡ አራት ሰዎች እኔ ጋ መጥተዋል። ግን ያስቀረኋቸው እኔ አይደለሁም። አንዷ መምህር ናት፤ እዚህች ወንበር ላይ ተቀምጣ እንባ ተናንቋት ነበር። ቤቱን እንዲህ ከወደድሽው ለምን አልገዛሽም ስላት ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹ቤታቸው በልቼ እንዴት ቀንሱልኝ እላለሁ? ያጎረሰኝን እጅ ልንከስ?› አለችኝ።»

ጋሽ አለምነህ የተለቀቀላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ስንት ነው የጠሩት?»

«አራት ሚሊዮን ተኩል።»

«በልብዎስ?»

«እሱማ… ለመከራከሪያ ብዬ ነዋ የጨመርኩት። የተጠራውን የሚከፍል ማን አለ?»

«ይኸውልዎ!» አለ ኃይለ ገብርኤል። «ዋጋ ከፍ አድርገው ይጠራሉ፤ የሚከራከርዎትን አፍ ደግሞ በጉርሻ ይዘጉታል። ሰውየው ምን ያድርግ? የተጠራውን እንዳይከፍል አቅም የለውም። እንዳይከራከር በልቷል። ይሄዳላ!»

«እኔ ብሆን እከራከር ነበር» አሉ ጋሽ አለምነህ። «ምግብ ሌላ፣ ገበያ ሌላ።»

«እሺ። የአልዩ አምባውን ቤት ስንት አስቀነሱ?»

ያ ቀን ትዝ አላቸው። የዓወል ሚስት ኩብራ፣ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ እንደማይገናኝ ታውቃለችና፣ የሚበላውን ሁሉ አስባ ነበር ያቀረበችው፤ ትኩስ ዳቦ፣ ማር፣ የተላጠ ፓፓያ። እስኪጠግቡ በሉ። ዓወል ዋጋውን ሲነግራቸው በልባቸው «ወደድ አለ» ብለው ነበር። አፋቸው ግን «ይሁን፣ ይባርክልህ» ነበር ያለው። አምስት ሳንቲም አላስቀነሱም፤ እንዳላስቀነሱም እስከዚች ደቂቃ ልብ አላሉም።

«በልተው ነበር?» አለ ኃይለ ገብርኤል ቀስ ብሎ።

«በልቼ ነበር።»

ኃይለ ገብርኤል አልሳቀም። ቢስቅ ይሻላቸው ነበር። «ደላላ የሚባል ፍጡር ነውር እንዲሸከም ነው የተፈጠረው ጋሽ አለምነህ። ገዢው ሊለው ያፈረውን እኔ እላለሁ። ሻጩ ሊሰማው ያልፈለገውን እኔ አሰማለሁ። ሁለቱም ይሰድቡኛል፤ እነሱ ግን ሳይቀያየሙ ይፈራረማሉ። ሁለት በመቶ የምቀበለው ለስድቡ ነው።»

ጋሽ አለምነህ እውነቱ ገባቸው። መግባቱና መቀበሉ ግን ለየቅል ነው። ዳገቱን ሲወጡ ሐሳብ መጣላቸው፤ ነውሩ ከምግቡ ከመጣ መፍትሔው ምግቡን ማስቀረት ነው። ደግሞ የነቢያት ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ነው የቀረው። እትዬ በሰለች ጾም አጥባቂ ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቤታቸው ውስጥ እህል አይቀመስም። ገዢን ጠዋት ጠዋት መቅጠር ነው እንግዲህ! ነቢያት የጾሙት ለዚህ ባይሆንም፣ ጋሽ አለምነህ ሁለት በመቶዋን በጾም ያስቀሯት መስሏቸው ቤታቸው እስኪደርሱ ፈገግ እንዳሉ ነበሩ።

በጾሙ በአራተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከሰላ ድንጋይ የመጣ ወልደተንሣኤ የሚባል የእህል ነጋዴ ገባ። ተቀመጠ። ምንም አልቀረበለትም። እንግዳው ምንም አልመሰለውም፤ እትዬ በሰለች ግን ባዶውን ጠረጴዛ እያዩ በኀፍረት በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ወልደተንሣኤም አላፈረም፤ የሚያሳፍረው ነገር አልበላማ። ተነሥቶ የመኪና ቁልፉን አወጣና ግድግዳውን ኳ ኳ አደረገው።

«ጭቃ ነው?»

«ጭቃ?» አሉ ጋሽ አለምነህ። «ከውጭ አላየኸውም? ጥርብ ድንጋይ ነው።»

«ምንም ቢሆን ለእኔ ለውጥ የለውም። የምከፍለው ለመሬቱ ነው፤ ቤቱን አፍርሼ ፎቅ ነው የምሠራው። እንዲያውም የማፍረሻውን ሒሳብ ይቀንሱልኝ።»

ጋሽ አለምነህ የተነሡበትን አላስታወሱትም። «ውጣ!» ሲሉ ብቻ ራሳቸውን ሰሙ። «ውጣልኝ! የማፍረሻውን!» ሰውየው ስድሳ ሺ ሊጨምር እንደሚችል እየተናገረ ወደ ኋላው ሄደ፤ በሩ በላዩ ላይ ተዘጋ። በሩ ሲከፈት የገባው ብርድ ደግሞ ከእሱ ጋር አልወጣም። እትዬ በሰለች ማሳል ጀመሩ። ሳሉ፣ ሳሉ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው ጎነበሱ። ጋሽ አለምነህ የሚነፋውን መድኃኒት አፋቸው ላይ ያዙላቸው።

«የምትሟገትለት ግንብ…» አሉ እትዬ በሰለች ትንፋሻቸው መለስ ሲል፤ «ግንቡ አይወድቅም። የምወድቀው እኔ ነኝ።»

ይህችን ቃል ጋሽ አለምነህ መቼም አይረሷትም። በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ወስደው በጭንብል መድኃኒት ሲያስተነፍሷቸው አጠገባቸው ተቀምጠው፣ በሕይወታቸው ያቆሟቸውን ግንቦች ሁሉ አንድ በአንድ አሰቡ። አንዱም ሚስታቸውን አያክልም። ማግስቱን ጠዋት ብሩሽ ይዘው ወጡና «ደላላ አያንኳኳ» የሚለውን መስመር በራሳቸው እጅ አጠፉት። ከዚያ ወደ መናኸሪያው ወርደው በኃይለ ገብርኤል ፊት ቆሙ።

«ነውሬን ተሸከምልኝ» አሉት። «ወር እንኳ አልቀረንም።»

ኃይለ ገብርኤል ሥራ የሚያውቅ ሰው ነበር። መጀመሪያ የደወለው ለአርሴማ ነው። ሁለተኛ ያደረገው ሕግ ማውጣት ነበር፤ ሻጭና ገዢ ውሉ እስኪፈረም አይገናኙም፤ በዓይን ብቻ እንኳ ሰላም አይባባሉም። ቅዳሜ ዕለት ከሰዓት ጋሽ አለምነህንና እትዬ በሰለችን አንድ ሻይ ቤት አስቀመጣቸው፤ አርሴማንና ገብረአብን ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት። እሱ መሀል ላይ፣ በባጃጅና በጋሪ መካከል እየተሹለከለከ ይመላለሳል።

«ቆርቆሮው አርጅቷል ይላሉ» ብሎ ይመጣል።

«እነሱ ናቸው ያሉት?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። ግን እነሱ እንዳሉት አድርገው ይስሙ።»

«ያረጀህ አንተ!» ይላሉ ጋሽ አለምነህ፤ ደግሞ ውስጣቸው ቅልል ይላቸዋል። ስድቡ የሚያርፍበት ሰው ሲገኝ እንዲህ ደስ ይላል ብለው አላሰቡም ነበር። ከአራት ሚሊዮን ተኩል ወደ አራት ከአራት መቶ ሺ ወረዱ፤ ማዶዎቹ ከሦስት ከዘጠኝ መቶ ሺ እየወጡ መጡ። ኃይለ ገብርኤል መንገዱን ስንት ጊዜ እንዳቋረጠ የቆጠረው የለም። በመጨረሻ ጋሽ አለምነህ አራት ከሁለት መቶ ሺ ላይ ቆሙ። ማዶዎቹ አራት ሚሊዮን ከመቶ ሃምሳ ሺ ላይ ቆሙ። ከዚያ ወዲያ የሚነቃነቅ ጠፋ።

ኃይለ ገብርኤል መጥቶ ወንበር ላይ ወደቀ። «ማዶ የለም። እዚህም የለም። ለዛሬ ይብቃን። ሰኞ እናየዋለን።»

ሰኞ። ጋሽ አለምነህ በሆዳቸው ቀን ቆጠሩ። ሃምሳ ሺ ብር ናት፤ ሃምሳ ሺ ብር ግን የሁለት ሰው የብዙ ወር ቀለብ ናት፤ ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እልህ ይዟቸዋል። ይህን ሲያሰላስሉ እትዬ በሰለች ከወንበራቸው ተነሡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አጥፈው ይዘው ወጡና መንገዱን ማቋረጥ ጀመሩ።

«እማማ! አይሆንም! ሕጉ!» አለ ኃይለ ገብርኤል። ጋሽ አለምነህ ደግሞ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ተከተሏቸው። አንድ ባጃጅ ቆሞ አሳለፋቸው።

እትዬ በሰለች አርሴማ አጠገብ ተቀመጡ። ለመናገር ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ድረስ ልጅቷ እጃቸውን ይዛ ጠበቀች።

«ልጄ…» አሉ፤ «ያን ቀን ያበላሁሽ… ቤት ልሸጥልሽ ብዬ አይደለም። እንግዳ ነሽ፤ አበላሁሽ። ተበላ፣ አለቀ። ምንም የለብሽም። እኔ አልቀየምሽም፤ የልብሽን ንገሪኝ።»

አርሴማ ባሏን አየችው። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «የልቤን ነው እማማ? ያለን ይሄው ነው። እናቴ የሰጠችን አለበት፤ የማኅበራችን ብድር አለበት፤ ከዚህ በላይ አንድ ብር የለንም። ግን ቤቱን ካየሁት ጀምሮ ሌላ ቤት ማየት አልቻልኩም። ያ መስኮት ሥር ጠረጴዛ አስቀምጬ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም ነው የማድረው፣ በሐሳቤ።»

ጋሽ አለምነህ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። «አታፈርሱትም?» አሉ፤ ድምፃቸው ከራሳቸው ያልወጣ መሰላቸው።

«ምኑን ጋሼ?» አለ ገብረአብ ደንግጦ። «ግንቡን? ምን አጠፋና?»

ጋሽ አለምነህ ሚስታቸውን አዩ፤ እትዬ በሰለችም እሳቸውን። ሠላሳ አራት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ከዚያ በላይ አይነጋገርም። «በቃ፣ የእናንተ ነው» አሉ። «እግዚአብሔር ልጅ ያሳድግበት።» ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡ፤ አርሴማ ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ ስትል ከለከሏት።

ኃይለ ገብርኤል ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ ደረሰ። «ሥራዬን ቀማችሁኝ» አለ። «ያን ሁሉ መንገድ ለብቻዬ ተመላልሼ፣ መጨረሻዋን እማማ ወሰዷት። አሁን ደግሞ ከሁለት በመቶው ይቀነስ ሊሉኝ ነው፣ አይደል?»

«ሙሉውን ነው የምትቀበለው» አሉ ጋሽ አለምነህ። «ያን ሁሉ ባትሸከምልን እሷ የምታቋርጠው መንገድም አይኖርም ነበር። ይልቅ ምሳ ሰዓት አልፏል፤ ሁላችሁም ቤት እንሂድና እህል ቅመሱ።»

«አይ፣ ይቅርብኝ» አለ ኃይለ ገብርኤል ወደ ኋላ እየሸሸ። «ኮሚሽኔን ሳልቀበል እርስዎ ቤት አልበላም።»

ማክሰኞ ተፈራረሙ። ዓርብ ዕለት ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው በአንኮበር በኩል ቁልቁል ወረዱ፤ ዓወል ቃሉን ጠብቆ ቁልፉን ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ጥር ላይ፣ ጋሽ አለምነህ በአዲሱ ግቢያቸው በማንጎው ዙሪያ የድንጋይ መደብ እየሠሩ ነበር። ኩብራ ልጇን ዩምናን ድራ የሠርጉን ወሬ ይዛ መጥታለች፤ እትዬ በሰለችም የራሳቸውን ሠርግ ያወሩላት ነበር፤ ሙሽራው በጎርፍ ምክንያት በሰው ትከሻ ወንዝ ተሻግሮ፣ አንድ ጫማው ተወስዶበት እንዴት እንደመጣ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ጋሽ አለምነህ አንድ ልማድ ለምደዋል። እትዬ በሰለች ይጀምራሉ፤ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ የቀረውን ባል ይጨርሱላቸዋል። አሁንም ወሬው መሀል ሲደርስ ጋሽ አለምነህ መዶሻቸውን አስቀምጠው፣ «ከዚያማ በአንድ ጫማዬ…» ብለው ቀጠሉ።

«ቆይ እንጂ አንተ!» አሉ እትዬ በሰለች። «ወሬው የእኔ ነው፤ ልጨርስ።»

ጋሽ አለምነህ አፋቸውን ያዙ። እትዬ በሰለች ወንዙን፣ ጫማውን፣ የሚዜዎቹን ሳቅ፣ የአማታቸውን ቁጣ ሳያርፉ ተረኩ፤ ኩብራ በሳቅ ፈረሰች። ወሬው ረጅም ነበር፤ ጋሽ አለምነህ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙት።